ካምቢዮ ሲወርድ ሞተሩን ማን ይዞታል?

በአዲስ አበባ ከሚገኙት ትንንሽ ጋራዦች ወደ አንዱ ማልዶ የገባ ሰው ይህን ለማየት ብዙ አይቆይም። አንዲት ቪትዝ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ የፊት ጎማዎቿ ወልቀው ቆማለች። ከስሯ ሁለት ሰዎች ተጋድመዋል፤ ካምቢዮ ሊያወርዱ ነው። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። የሚጠይቀውን ጠይቆ ጨርሷል፦ ስንት ነው? መቼ ይደርሳል? ዕቃው ከሶማሌ ተራ ይምጣ ወይስ አዲስ ይገዛ? አንድ ነገር ግን ሳይጠይቅ ቀርቷል። ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ሞተሩ በምን ይያዛል?

ቢጠይቅ ኖሮ መልሱ ደስ ላያሰኘው ይችል ነበር። ከአንዱ ፓራፋንጎ ወደ ሌላው የተጋደመ አጣና፣ አጣናው ላይ የተቋጠረ የናይለን ገመድ፤ ወይም ከስር ክሪክ፣ ክሪኩ ላይ ቁራጭ ጣውላ። ሁለቱም ካልተገኙ ደግሞ «አንተ፣ ና እስቲ ያዝልኝ» ተብሎ የሚጠራ ልጅ አለ።

ካምቢዮ ካሠሩ በኋላ «መኪናዬ እንደ ድሮዋ አልሆነችም» የሚሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ጣታቸውን የሚቀስሩት በካምቢዮው፣ በመለዋወጫው ወይም በመካኒኩ እውቀት ላይ ነው። ካምቢዮው በሌለባቸው ሰዓታት ሞተሩ እንዴት ተይዞ እንደዋለ የሚያስብ የለም። ብዙ ጣጣ የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው። ጣጣውን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ዕቃ ማንኛውም የብየዳ ቤት በአንድ ቀን የሚሠራው ስለሆነ፣ ድህነትን ሰበብ ማድረግም አያስኬድም።

ነገሩን ለመረዳት ካምቢዮ ማርሽ ከመቀየር ሌላ ሥራ እንዳለው ማወቅ ይበቃል። በአብዛኞቹ መኪኖች ካምቢዮ ለሞተሩ እንደ አንድ እግር ነው። ሞተርና ካምቢዮ በብሎን ተገጣጥመው አንድ አካል ይሆናሉ፤ ያ አካል ደግሞ ጎማ ባላቸው ሦስት ወይም አራት መያዣዎች መኪናው ላይ ይቀመጣል። ካምቢዮው ሲወጣ ቢያንስ አንዱ መያዣ አብሮት ይፈታል። የቀረው ክብደት ወዴት እንደሚያዘነብል የሚወስነው የመኪናው አሠራር ነው።

ቮልስን እናንሳ። የአዲስ አበባን ዳገት ለአሥርት ዓመታት የወጣችው ይህች መኪና ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ሞተሩም የራሱ መቀመጫ የለውም። በአራት ቦታ በብሎን ታስሮ በካምቢዮው ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ስለዚህ የቮልስ መካኒክ ካምቢዮ ማውረድ ሲፈልግ መጀመሪያ ሞተሩን ያወርዳል። ሞተሩን ማን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ቦታ የለውም፤ ሞተሩ መሬት ላይ ነው።

ላዳ ሌላ ናት። መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ሲሆን የሶቪየቱ የቶሊያቲ ፋብሪካ ማምረት የጀመራት በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንቱን ያደረሰች ታክሲ ናት! ሞተሯ በቁመት የተቀመጠ፣ የምትነዳውም በኋላ ጎማ ነው። ሁለት መያዣዎች ሞተሩን ግራና ቀኝ ይይዙታል፤ ሦስተኛው ከካምቢዮው ጭራ ስር ነው። ይህ ሦስተኛው ሲፈታ ሞተሩ በጎን መያዣዎቹ ላይ ይሽከረከርና ጀርባው ወደ ታች፣ ፊቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ከፊት ያለው ማራገቢያ ከራዲያተሩ፣ ከኋላ ያለው የሞተር ክፍል ከግድግዳው ጋር ሊገናኝ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከሞተሩ ጀርባ ስር ሰፋ ያለ ጣውላ፣ ከጣውላው ስር ጥሩ ድጋፍ። በጣውላ የሚሠሩ አንጋፋ መካኒኮች ጥበባቸውን የተማሩት በእንዲህ ያሉ መኪኖች ላይ ነው፤ ለእነዚያ መኪኖችም ትክክል ነበሩ።

ችግሩ ዛሬ መንገዱን የሞላው መኪና እንደ ላዳ አለመሆኑ ነው።

የለውጡ ታሪክ ሁለት መሐንዲሶችን ያነሳል። አሌክ ኢሲጎኒስ በ1959 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበችው ሚኒ ላይ ሞተሩን በወርዱ አጋድሞ ካምቢዮውን ከሞተሩ ስር፣ በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ከተተው። ቦታ ተቆጠበ፤ መካኒኩ ግን ካምቢዮ ለመንካት ሞተሩን ጭምር ማውጣት ግድ ሆነበት። የፊያቱ ዳንቴ ጃኮሳ ሌላ መላ አመጣ፦ ሞተሩም ካምቢዮውም በወርድ፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ መስመር ይቀመጡ፤ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ሰሚያክሶች አንዱ አጭር ሌላው ረጅም ይሁኑ። ፊያት ሐሳቡን በቀጥታ በራሱ ስም ለመሸጥ አልደፈረም። በ1964 እ.ኤ.አ. አውቶቢያንኪ ፕሪሙላ በምትባል መኪና ሞከረው፤ ሲሳካ በ1969 በፊያት 128 አወጣው። ዛሬ በፊት ጎማ የሚነዱት ትንንሽ መኪኖች፣ ቪትዝንና ያሪስን ጨምሮ፣ የሚከተሉት ይህንኑ የጃኮሳን አቀማመጥ ነው።

በዚህ አቀማመጥ ካምቢዮው ለብቻው ሊወርድ ይችላል፤ የጃኮሳ ውለታም ይኸው ነው። ዕዳው ደግሞ የሚቀረው ሞተር ነው። በቪትዝ ላይ ሞተሩ በቀኝ በኩል፣ ካምቢዮው በግራ በኩል ነው። ቀኙ መያዣ ሞተሩን፣ ግራው ካምቢዮውን ይዟል፤ ሌላው መወዛወዙን ይገታል። ካምቢዮው ሲወርድ የግራው መያዣ አብሮት ይሄዳል። ከነተለጣፊዎቹ መቶ ኪሎ ሊጠጋ የሚችል ብረት በአንድ ጫፉ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል ማለት ነው። በዚህ ላይ ካምቢዮው እንዲያልፍ ከስር ያለው የብረት መስቀለኛ መውረድ ካለበት፣ ከኋላ የነበረው መያዣም አብሮ ይሄዳል። ከስር ክሪክ የሚገባበት ቦታ የሚያስፈልገው ደግሞ ካምቢዮው ራሱ ለሚወርድበት ነው። ለዚህ ነው በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ሞተሩ ከላይ መያዝ ያለበት።

ከላይ ሳይያዝ ሲቀር የሚደርሰው ጉዳት ወዲያው አይታይም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በግራ ጎኑ ሲንጋደድ በቀኝ ያለው መያዣ ጎማው ይጣመማል፤ አርጅቶ ከነበረ ይቀደዳል፤ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ዓይነት ከሆነም ያፈሳል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቱም «ካምቢዮውን አበላሹት» ይላል። የማርሚታው የፊት ቱቦ ተጣጣፊ ክፍል ይሳባል፣ የራዲያተር ጎማዎች ይወጠራሉ፣ የጋዝ መለኪያው ገመድ ይበጠሳል። ይህ ሁሉ ከካምቢዮው ጥርሶች ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ከሁሉም የከፋው ክሪክን በቀጥታ የሞተሩ ዘይት ቋት ላይ ማሳረፍ ነው። ቋቱ ዘይት ሊይዝ እንጂ ሞተር ሊሸከም አልተሠራም። ከስስ ላሜራ ከሆነ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ከአሉሚኒየም ከሆነ ይሰነጠቃል። ስንጥቁስ ዘይት ስለሚያፈስ ራሱን ያጋልጣል። ጎድጓዳው ግን ዝም ይላል። የዘይቱ ፓምፕ የሚመጥበት ወንፊት ከቋቱ ወለል በጣም ተጠግቶ የተቀመጠ በመሆኑ ወለሉ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ የሚገባበት ክፍተት ይጠባል። መኪናዋ ከጋራዡ በሰላም ትወጣለች። ከጊዜ በኋላ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ፣ የዘይት መብራቱ ብልጭ ይላል። የክራንኩ ኩሽኔታዎች በቂ ዘይት ሳያገኙ ከሠሩ መጨረሻው ሞተር ማስከፈት ነው። በዚያን ቀን ያንን ክሪክ የሚያስታውሰው ማን አለ?

ሌላ መዘዝ አለ፤ ይህኛው የሚታየው ካምቢዮው ሲመለስ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ካልተገናኙ አይገጥሙም። ሞተሩ ተንጋዶ ከሆነ ካምቢዮውን ይዘው የሚገፉት ሰዎች ይደክማሉ፤ ሲደክሙ አንዱ «ብሎን አስገባና በብሎን ሳበው» ይላል። ከዚያ የካምቢዮው የአሉሚኒየም ጆሮ ይሰበራል። ማኑዋል ከሆነ ካምቢዮው በመግቢያ ዘንጉ ብቻ ተንጠልጥሎ ሲቆይ የፍሪሲዮን ሸራው መሀል ይጣመማል፤ ሸራው ደግሞ ትናንት የተገዛ አዲስ ሊሆን ይችላል። አውቶማቲክ ከሆነ ቶርክ ኮንቨርተሩ ወደ ቦታው በሙሉ ሳይገባ በብሎን ከተጨመቀ የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ ይሰበራል። ያን ያህል ብር የወጣበት ጥገና ሳይነዳ ያበቃል። ቀጥ ብሎ የተያዘ ሞተር ግን ካምቢዮውን በእጅ ግፊት ይቀበላል፤ ብሎኖቹም የሚጠብቁት የገጠመውን ለማጽናት ብቻ ነው።

እስካሁን የተወራው ስለ ብረት ነው። ከብረቱ ስር ሰው አለ።

ክሪክ ማንሻ ነው፤ ማቆሚያ አይደለም። በውስጡ ዘይቱን የሚይዘው ትንሽ የጎማ ማኅተም ሲያረጅ ክሪኩ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም ድንገት ይወርዳል። ስለዚህ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ በብረት ስታንድ ላይ መቀመጥ አለባት። በብዙ ቦታ የስታንዱን ቦታ የያዘው ብሎኬት ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ የግንባታ ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ እኩል የተከፋፈለ ጭነት ሲሸከም ጠንካራ ነው፤ የመኪና ጠርዝ በአንዲት ነጥብ ሲያርፍበት ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ካምቢዮ የሚያወርድ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይጋደምም። ይገፋል፣ ይጎትታል፣ የደረቀ ብሎን ለመፍታት ቱቦ ጨምሮ ይታገላል። ያ ትግል መኪናዋን ያወዛውዛል።

ያ «ና ያዝልኝ» የተባለው ልጅ ዕድሜው ስንት ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትን ወጣት ሠራተኞችም ሕይወታቸውንና ጤናቸውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሥራ ላይ ማሰማራትን አይፈቅድም። አሠሪው የሥራ ቦታውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በትከሻው ሞተር ደግፎ ጣቱን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚያሳልፍ የ14 ዓመት ልጅ የሕጉ ትክክለኛ ተቃራኒ ነው። ልጁ ሙያ እየተማረ ነው የሚል ክርክር አለ፤ ግማሹ እውነት ነው። ጋራዥ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ያስገኘ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ግን የሚማረው ብሎን ሲፈታና ሲያስር ነው፤ የብረት ድጋፍ ምትክ ሆኖ ሲቆም የሚማረው ነገር የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዕቃው የታወቀ ነው። በኮፈኑ ክፍት ቦታ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚጋደም የብረት ድልድይ፣ ከድልድዩ ወደ ታች የሚወርድ ባለጥርስ ረጅም ብሎን፣ ጫፉ ላይ ሜንጦ ወይም ሰንሰለት። ቮልስዋገን ለመካኒኮቹ የሚያዘው የዚህ ዕቃ ቁጥር 10-222ኤ ይባላል፤ ሌሎች አምራቾችም የየራሳቸው አላቸው። ሐሳቡ ከየትኛውም ፋብሪካ ምሥጢር የራቀ ነው። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቱቦላሬ፣ ሁለት እግር፣ ከእግሮቹ ስር ጎማ፣ መሀሉ ላይ የሚንሸራተት መያዣና በዳዶ የሚጠብቅ ብሎን። ብሎኑ ላይ ግን ስስት አያስፈልግም፤ ራሱ ላይ 8.8 ተብሎ የተጻፈበት ይሁን። ያ ቁጥር ብሎኑ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል ጉተታ ሳይበጠስ እንዲችል መሠራቱን ይናገራል። ቁጥር የሌለው ብሎን ምን እንደሚችል የሚናገር የለም። በያጁም የሠራውን ዕቃ ሰው ስር ሳይገባ በእጥፍ ክብደት አንጠልጥሎ ይፈትነው።

አጠቃቀሙም ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። የድልድዩ እግር ፓራፋንጎው ላሜራ ላይ ማረፍ የለበትም፤ ይጎደጉዳል። ቦታው ፓራፋንጎው ከመኪናዋ አካል ጋር በብሎን የሚያያዝበት ጠንካራው ጠርዝ ነው። ሜንጦው የሚታሰረው ፋብሪካው ለማንሻ ብሎ ሞተሩ ላይ በሠራው የብረት ጆሮ ነው። ጆሮው ቀደም ባለ ጥገና ተፈትቶ ከጠፋ፣ እንደሚጠፋውም፣ በወፍራም ላሜራ ሌላ ሠርቶ በሞተሩ ራስ ላይ ባለ ጠንካራ ቀዳዳ ማሰር ይቻላል። የፕላስቲክ አየር ማስገቢያ ላይ፣ ቱቦ ላይ ወይም የቺንጋ ጎማ መዞሪያው ላይ ማንጠልጠል ግን ሞተሩን ለማዳን የተገዛውን ዕቃ ሞተር ለመስበር ማዋል ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ብሎኑ የሚጠብቀው መያዣዎቹ ከመፈታታቸው በፊት፣ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ድረስ ብቻ ነው። ሥራው ሸክም መረከብ ነው፤ ሞተሩን ከፍ ማድረግ ቱቦዎቹንና መያዣዎቹን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማስጨነቅ ይሆናል።

«ሠላሳ ዓመት በአጣና ሠርቼ አንድም ቀን አልወደቀብኝም» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ልምዳቸው ይከበራል። በላዳ ላይ ከሆነ ከላይ እንደተባለው ሊያስተምሩን ይችላሉ። በቪትዝ ላይ ግን ያልወደቀው ሞተር ማስረጃ አይሆንም፤ የተጎዳው ቋትና የተቀደደው መያዣ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዶ ስለሚታከም የመጀመሪያው መካኒክ አያየውም። አጣና ደግሞ የሚሰበረው የት ላይ እንደሆነ አስቀድሞ የሚነግር ምልክት የለውም። እርጥብ ነበር ደረቀ፣ ምስጥ በላው አልበላው፣ ማን ይለካዋል?

በአንጻሩ ከሱቅ የተገዛ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ መተኛትም አይቻልም። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሃርበር ፍሬት የተባለው የመሣሪያ ሻጭ ፒትስበርግ በሚል ስም የሸጣቸውን የ3 እና የ6 ቶን ስታንዶች መልሶ ሰብስቧል፤ ጠቅላላ ቁጥራቸው ወደ 1.7 ሚሊዮን ይደርስ ነበር። ምክንያቱ ከፍታውን የሚይዙት ጥርሶች በደንብ ሳይናከሱ ሊያመልጡ መቻላቸው ነው። በምትክነት ከተሰጡት መካከልም ጥቂቶቹ በብየዳ ጉድለት ተመልሰው ተሰበሰቡ። ስለዚህ ስታንድም ሆነ ድልድይ በየጊዜው ይታይ፤ ብየዳው የተሰነጠቀ፣ ጥርሱ የተበላ ይጣል። ድጋፍም አንድ ብቻ አይሁን። ከላይ ድልድይ ካለ ከስር በጣውላ የተጋረደ ሁለተኛ ድጋፍ ማስቀመጥ የጥንቃቄ ብዛት አይደለም።

ይህ ጉዳይ አሁን የሚነሳበት ምክንያትም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪኖች እንደ ቪትዝ ያለ ባለብዙ ማርሽ ካምቢዮ ስለሌላቸው ይህ ጭንቀት አይመለከታቸውም፤ የራሳቸው ከባድ ባትሪ የሚያመጣው ጣጣ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ግን ምትክ ማግኘት በከበደ ቁጥር ዕድሜያቸው ይረዝማል። ያ ማለት አንድ ቪትዝ ካምቢዮዋ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ሞተሯ በአንድ ነገር መያዝ አለበት።

ከዚህ አንጻር ሦስት ወገኖች ድርሻ አላቸው። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ካምቢዮ ማውረድን ሲያስተምሩ የሞተር አያያዝን የትምህርቱ መግቢያ ሊያደርጉት ይገባል፤ የሙያ ብቃት ምዘናም ተመዛኙ ካምቢዮውን ፈትቶ መግጠሙን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን በምን እንደያዘ ነጥብ ይስጥበት። ለጋራዥ የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጡ አካላት ዕቃ ሲቆጥሩ የብረት ስታንድና የሞተር ድልድይ መኖሩን ይዩ። የሚያስወጣው ወጪ አንድ የተጎዳ ሞተር ከሚያስወጣው ጋር ለንጽጽር አይቀርብም።

ሦስተኛው ወገን ባለመኪናው ነው፤ ይህ ጽሑፍ እሱን አይምረውም። መካኒኩን በዋጋ እየጨመቀ፣ «ዛሬ ማታ ካልደረሰ» እያለ የሚያጣድፈው እሱ ነው። ሁለት ሰዓት የሚጨምር ጥንቃቄን ስንፍና ብሎ የሚሰይመውም እሱ ነው። ድልድይ ያለው ጋራዥ ከሌለው ትንሽ ቢወደድ ደንበኛው ወደ ርካሹ ይሄዳል፤ እንዲህ ከሆነ የትኛው ጋራዥ ነው ድልድይ የሚሠራው?

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የመኪናዎ ካምቢዮ የሚወርድበት ቀን ሲመጣ ቁልፉን ከመስጠትዎ በፊት ሞተሩ በምን እንደሚያዝ ይጠይቁ፤ ዕቃውንም በዓይንዎ ይዩ። ድልድይና ስታንድ ካሳዩዎት ስለ ዋጋው ብዙ አይከራከሩ። «ልጁ ይይዘዋል» ካሉዎት ግን ቁልፍዎን ይዘው ይመለሱ።